ጅዳ ከደሴ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ወር አክስቴ ለቡና ጠራችኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቷ ስደርስ ጀበናው ተጥዷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ የእሷ ልብ ግን ከቡናው ጋር አልነበረም። ልጇ ከስድስት ዓመት በኋላ ከጅዳ ለዕረፍት ልትመጣ ነው። «እስቲ ስልክህን አውጣና እይልኝ፤ ጅዳ ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ፈለግኩላት። የወጣው መልስ አጭር ነበር፦ ከጅዳ አዲስ አበባ 1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ፊቷ በራ። «እንግዲያማ ጠዋት ከተነሣች ለምሳ እቤቷ ናት» ብላ ስኒዎቹን መደርደር ጀመረች።

ዝም አልኩ። ያቺ ልጅ ጠዋት ከጅዳ ብትነሣ ለምሳ ደሴ አትገባም። በማግስቱም ለምሳ መድረሷ ያጠራጥራል። ስልኩ አልዋሸም፤ የጠየቅነውን ለክቶ ነግሮናል። ማወቅ የፈለግነው ግን ሌላ ነበር። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን የሚሉት ስሞች ከሐይቅና ከባቲ እኩል በየቤቱ ይነሣሉ። ስለዚህ በእነዚያ ከተሞችና በእኛ መካከል ያለው ርቀት እንዴት እንደሚለካ፣ ጊዜው የት ላይ እንደሚረዝም ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። እኔ አይቼ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ከደሴ ለሚነሣ ሰው ጊዜውን የሚበላበት ባሕሩ ወይም ውቅያኖሱ አይደለም፤ ከቤቱ እስከ ቦሌ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ነው።

ስልኩ የሚለካው ምንድን ነው?

ስክሪን ላይ የሚወጣው ኪሎ ሜትር በምድር ክብ ገጽ ላይ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚዘረጋው አጭሩ መስመር ነው። ምድር ራዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ኳስ ተደርጋ ትወሰድና የሁለቱ ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ በቀመር ገብቶ ቁጥሩ ይወጣል። በዚያ ቀመር ውስጥ ተራራ የለም፣ ድንበር የለም፣ ነፋስ የለም፣ ኬላ የለም። ቀጥሎም ርቀቱ ለአንድ ጄት አውሮፕላን የተለመደ ፍጥነት፣ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር፣ ይካፈላል፤ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨመርበታል። የጉዞ ሰዓት ተብሎ የሚነገረን ይህ ነው።

ኮምቦልቻና ዋሽንግተን ብላችሁ ብትጠይቁት 11,470 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ወይም 14 ሰዓት ብሎ ይመልሳል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ዋሽንግተን የሚያርፍ አውሮፕላን የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ቀመሩ ግን ለዚህ ግድ የለውም። ሁለት ነጥብ ከተሰጠው ያገናኛቸዋል።

ያም ሆኖ ይህ መስመር ብዙ ያስተምራል። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። ከትምህርት ቤት ሉል ተውሳችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥራችሁ ብትይዙ ግን ክሩ ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ፣ በሜድትራንያን ባሕር ወደ ስፔን ተሻግሮ፣ አትላንቲክ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ወጥቶ ነው ወደ አሜሪካ የሚወርደው። አጭሩ መንገድ ይህ ነው፤ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችን «አውሮፕላኑ ለምን አውሮፓን ዞረ?» ሲሉ እሰማለሁ። አልዞረም፤ የዞረው ካርታው ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚገርም ነገር አለ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ቁጥሮች ብታስተያዩ ኮምቦልቻ ከቦሌ ይልቅ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ ለዋሽንግተን ትቀርባለች። ለጅዳማ በ230 ኪሎ ሜትር ያህል ትቀርባለች። ጅዳ ከደሴ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው፤ ሁለቱም ከተሞች 39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ከኮምቦልቻ ጅዳ በአየር 1,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ የሚሄደው ቀጥተኛ መስመር ከደሴ በስተምዕራብ፣ በደቡብ ወሎ ሰማይ ላይ ያልፍና ከሞላ ጎደል በአስመራ አናት ላይ ሆኖ ቀይ ባሕርን ይሻገራል። እንግዲህ የደሴዋ ልጅ ወደ ሰሜን ለመሄድ አስቀድማ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ከዚያ በአውሮፕላን ተመልሳ፣ በተወለደችበት ምድር ጎን አልፋ ትሄዳለች። የወሎ የሐጅ መንገደኞች በእግርና በበቅሎ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደው በጀልባ ሲሻገሩ መንገዱ ወራት ይፈጅባቸው ነበር። ቢሆንም የሚሄዱት ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ነበር።

ነፋስ፣ ከፍታና የተዘጋ ሰማይ

በረራው ራሱም ቢሆን ቀመሩ እንዳለው አይሄድም። ከአሜሪካ የተመለሰን ሰው ብትጠይቁ ሲሄድና ሲመጣ የወሰደበት ጊዜ እንደማይመሳሰል ይነግራችኋል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ 13 ሰዓት ያህል በአንድ ትንፋሽ ይበራል። ሲሄድ ግን መንገድ ላይ የሚያርፍበትን ጨምሮ 16 እና 17 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ርቀቱ ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአውሮፓና ከሰሜን አትላንቲክ በላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በክረምታቸው ወራት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይነፍሳል። ከአሜሪካ ለሚመጣው አውሮፕላን ጀርባውን የሚገፋ ረዳት ነው፤ ለሚሄደው ደግሞ ፊት ለፊት የሚጋፈጠው ነው። በእኛ ሰማይም በሰኔና በመስከረም መካከል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ሌላ የከፍታ ነፋስ አለ። ከህንድ ውቅያኖስ በላይ አልፎ የሚመጣው ይህ ነፋስ ከክረምታችን ዝናብ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የአየር ጠባይ አጥኚዎች በጥብቅ ይከታተሉታል። አብራሪው በነፋሱ መንገዱን ያሰላል፤ ገበሬያችንም ሳያውቀው የዚያው ነፋስ ጥገኛ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ይህ ደግሞ የደጋ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ጉዳይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን በሚገባ አያነሣም፣ ለሞተሩም በቂ ጉልበት አይሰጥም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ሜዳ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። እስከ ዋሽንግተን የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣውን ሁሉ ጭኖ፣ ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ በአንድ ወቅት ሮም፣ በኋላም ለዓመታት ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ይሞላ የነበረው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሣ የፈለገውን ያህል ይሞላና ቀጥታ ይመጣል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀልሏልና ማረፉ አያስቸግረውም። ቢሾፍቱ አጠገብ እንዲሠራ የታቀደው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ቦታ መሆኑም በዚህ ረገድ ትርጉም አለው።

ሰማዩም እንደ መንገድ ይዘጋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ፤ በዚያ በኩል ወደ ሰሜን ያልፉ የነበሩ በረራዎች በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል ወይም በሌላ አቅጣጫ መታጠፍ ግድ ሆነባቸው። ቀጥተኛው ክር በሱዳንና በሊቢያ ያልፋል ብያለሁ። ቀመሩ ዛሬም በዚያው ያሰላል፤ አውሮፕላኑ ግን ይዞራል።

ይሁንና ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያመጣው ልዩነት ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። አክስቴ የምትጠብቃት ልጅ የምትዘገየው ግን ከሃያ ሰዓት በላይ ነው።

የመጀመሪያው 400 ኪሎ ሜትር

ደሴና አዲስ አበባ በአየር መስመር 256 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በመኪና መንገድ ግን 401 ኪሎ ሜትር ነው፤ እነዚህ ኪሎ ሜትሮች ደግሞ እኩል አይደሉም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ የሚነሣ አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ዶሮ መዝለያን ይወርዳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ጠምዛዛዋን ስትጨርስ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ መከናነብ የጀመረው ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ከዚያ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ ሸዋ ሮቢት። እስከዚህ ቆላ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ሲና ጀምሮ አቀበት፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሙቀት ወርዶ ከሙቀት ወደ ብርድ ይመለሳል። ከፊቱ ከባድ መኪና ካለ ማለፊያ የለም፤ ተከትሎት ይሄዳል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ይፈጃል። ይህ ማለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው ሰው ማታ ቦሌ ላይ ሲሳፈር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከደሴ አዲስ አበባ የሚወስደው ጊዜ ከአዲስ አበባ ጅዳ ከሚወስደው አራት እጥፍ ነው፤ ርቀቱ ግን አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። ይህ እንግዲህ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ነው። በእነዚህ ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገዱ የሚቆምባቸው፣ አውቶቡሶች በየከተማው ታግተው የሚያድሩባቸው ቀናት እንዳሉ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አስተዋይ ቤተሰብ መንገደኛውን ከበረራው ሁለት ቀን ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ይልካል። እነዚያ ቀናት ከየትኛውም የበረራ ስሌት ውስጥ የሉም። የአዲስ አበባ አልጋ፣ ምግብና ታክሲ ግን ከመንገደኛው ኪስ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከብድር ገንዘብ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ አይደለም ወይ? አለ። በዓለም አቀፍ መለያው የሚጠራው እንዲያውም በደሴ ስም ነው፤ ቲኬት ስትፈልጉ ኮምቦልቻ ብላችሁ ካጣችሁት ደሴ በሉት። ከቦሌ በአየር 254 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ70 በላይ ሰው የሚይዝ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይመላለስበታል፤ በጊዜ ሰሌዳው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። ታዲያ ለምን አንድ ሰዓት? ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ ሌላው ጫፍ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ስለሆነ ነው። በአጭር በረራ ደግሞ አብዛኛው ጊዜ ሜዳ ላይ በማዝገም፣ ወደ ላይ በመውጣትና ወደ ታች በመውረድ ያልቃል። በተራሮች መካከል ወዳለው የኮምቦልቻ ሜዳ መውረድ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰማዩ በጉም ሲዘጋ ይዘገያል ወይም ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ በረራው ጭራሽ ተቋርጦ ነበር።

ይሁንና አንድ ሰዓት ከአሥር ሰዓት ጋር አይወዳደርም። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ወንበሩ ጥቂት፣ ሰዓቱ ደግሞ ከባሕር ማዶው በረራ ጋር የማይገጥም መሆኑ ላይ ነው። ቦሌ እንደ ማዕበል ነው የሚሠራው። ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት በብዛት ጠዋት ይነሣሉ፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ይነሣሉ። የኮምቦልቻው በረራ ግን የቀን ነው። ጠዋት ከኮምቦልቻ የተነሣ ሰው ረፋድ ላይ ቦሌ ይደርስና ሌሊቱን ይጠብቃል። አሥር ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። አውቶቡስ ላይ ያተረፈውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ መልሶ ይሰጣል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ለወሎ መንገደኛ ከየትኛውም ፈጣን አውሮፕላን ይልቅ ብዙ ሰዓት የምታተርፍለት ከኮምቦልቻ በማታ ተነሥታ ከሌሊቱ በረራዎች ጋር የምትገናኝ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት። በመልሱም እንዲሁ፤ ንጋት ላይ ቦሌ ለሚያርፉት ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የምትነሣ በቂ ወንበር ያላት በረራ ታስፈልጋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው የጊዜ ሰሌዳ፣ በምሽት ለማረፍ የሚያስችል ዝግጅትና የመንገድ ሰላም ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ፣ ሐራ ገበያ ድረስ የተዘረጋው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድም መሬት ላይ ተኝቶ እየታየ ነው። ባቡሩ መንገደኛ ቢጭን ኖሮ ይህ ሁሉ ስሌት ሌላ ይሆን ነበር። የደሴ ሰው ስለ ርቀት ሲያወራ ስለ ውቅያኖስ ባይጨነቅ አይፈረድበትም።

ሰዓት መቁጠር

አሁን ወደ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ያቺው የአክስቴ ልጅ ከስድስት ዓመት በፊት ስትሄድ የሸኘኋት እኔ ነበርኩ። ቲኬቷ ላይ ዓርብ፣ 00:40 ይላል። እኛም ዓርብ ሌሊት 6:40 ብለን አነበብነው። ዓርብ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ከደሴ ተነሣን። ሻንጣዋ በሰማያዊ ገመድ ተጠፍሮ፣ ስሟ በካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ ደምቆ ተጽፎ ነበር፤ ውስጡ በሶ፣ ድርቆሽና እናቷ የደለዘችው በርበሬ አለ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስን። በኩራት ነበር የደረስነው፤ አረፈዳችሁ የሚለን የለም ብለን። ቲኬቱን ያየችው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ግን ቀና ብላ አየችንና «እናንተ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለች።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ዓርብ 00:40 ማለት እኛ ሐሙስ ሌሊት 6:40 የምንለው ነው። በእኛ አኗኗር ሌሊቱ ካለፈው ቀን ጋር የተያያዘ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ዓርብ አይባልም። ያቺ ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እንዴት እንዳለቀሰች ዛሬም አይረሳኝም። ሁለተኛ ቲኬት ተገዛ፤ ገንዘቡ የሰው ነበር፤ ከፍላ እስክትጨርስ ወራት ፈጀባት። ቲኬቱን የሸጠልን ቢሮ አንዲት ቃል በእኛ ሰዓት ጽፎልን ቢሆን ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፦ ቲኬት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መጨመር ነው። 14:30 ከቀኑ 8:30 ነው። 23:15 ከምሽቱ 5:15 ነው። 02:00 ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንጂ ጠዋት 2 ሰዓት አይደለም። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ የቀኑን ስም አንድ ወደ ኋላ መልሱት። ከዚያ ቀኑን በእኛ ወር ጻፉት፤ በሁለት የቀን መቁጠሪያ መካከል ቀን ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጅዳ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለምትቆጥር ስትደርሱ ሰዓት ማስተካከል የለም። ዋሽንግተን ግን ከእኛ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። አንዱን ከሌላው ቀንሶ «ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው» ያለ ሰው የሰዓቱን ልዩነት ረስቷል።

የኮምቦልቻውንና የባሕር ማዶውን በረራ ደግሞ በተቻለ መጠን በአንድ ቲኬት ግዙ። በአንድ ቲኬት ከሆነና የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሚቀጥለው ማሳፈር የአጓጓዡ ግዴታ ነው። ለየብቻ ከተገዙ ግን ያመለጠው አመለጠ፤ ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ይላክ እንደሆነም እዚያው ኮምቦልቻ ላይ ጠይቁ፤ የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ ከባሕር ማዶው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ያን ቀን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ለአክስቴ ወረቀት አወጣሁና በእኛ ሰዓት ጻፍኩላት። ልጅቷ ረቡዕ ከቀኑ 8:30 ከጅዳ ትነሣለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ቦሌ ታርፋለች። ፓስፖርትና ሻንጣ ጨርሳ እስክትወጣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ አዲስ አበባ አጎቷ ቤት ታድራለች። የሐሙሱ የኮምቦልቻ በረራ ሞልቷል፤ ስለዚህ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ትሳፈራለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደሴ መናኸሪያ ትወርዳለች። ከጅዳ ደሴ በጠቅላላው 25 ሰዓት ተኩል፤ ከዚህ ውስጥ ባሕሩን ተሻግራ የምትበርበት ሁለት ሰዓት ተኩሉ ብቻ ነው።

አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ስልክህ ሁለት ሰዓት ተኩል አላለም እንዴ?» አለች።

«ብሎ ነበር፣ እትዬ። እሱ ቦሌ ድረስ ነው።»

ወረቀቱን አጥፋ ቡፌው መስታወት ላይ፣ ከልጇ ፎቶ ጎን ሰካችው። ከዚያ በጣቷ ቀን ቆጥራ ዶሮውን ሐሙስ ማለዳ እንዲያርዱላት ለጎረቤት ላከች፤ ለምሳ ያሰበችውን ለእራት አዞረችው።